ናዝሬት ብሎ የፈለገ፣ አዳማ ያለውን ፔንሲዮን ያገኘዋል?

ድሮ ጎግል ላይ «አዳማ ፔንሲዮን» ብለን ስንጽፍ የሊንክ ዝርዝር ይመጣልናል፤ መራጮቹ እኛ ነበርን። ጎግል በፈረንጆቹ ግንቦት 2024 አሜሪካ ላይ በኤአይ የተጻፈ መልስ ከሊንኮቹ በላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ከ100 በላይ አገራት ደረሰ። ቻትጂፒቲም ስትጠይቁት ጥቂት ስም ጠርቶ ይጨርሳል። ያልተጠራ ቤት የለም ማለት ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል። ኤአይ በዋናነት የሚያነበው ክፍት ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ነው። የብዙ ሱቆቻችን ዋጋና አድራሻ ግን ያለው ቴሌግራምና ቲክቶክ ውስጥ ነው። ከተሞቻችንም ሁለት ሁለት ስም አላቸው፦ አዳማ/ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ/ደብረ ዘይት፣ ባቱ/ዝዋይ። ናዝሬት ደግሞ ከእስራኤሏ ጋር ትምታታለች።

ስለዚህ «ጎግል ላይ አንደኛ አደርግሃለሁ» ለሚል ሰው ብር ከመክፈል በፊት ነፃውን እንጨርስ። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል አይከፈልበትም። ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ ሁለቱም የከተማ ስም፣ «ከምን ፊት ለፊት» የሚለውም ሳይቀር በጽሑፍ ይግባ።

ትልልቅ ሆቴሎች ባለሙያ ይቀጥራሉ። የሰፈራችን ጁስ ቤት ያላት እኛን ነው። ዛሬውኑ ማፕ ላይ ፈልጓት፤ ከሌለች አስገቧት፣ ካለች ኮከብ ብቻ ሳይሆን ሁለት መስመር ጻፉላት።