ሰርተፍኬቱ ተቆጠረ፤ ምርቱስ?

የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ሪፖርት በቀረበ ቁጥር፣ ሰርተፍኬት የወሰደው ወጣት ብዛት የሶፍትዌር ዘርፋችን ዕድገት ማሳያ ሆኖ ይነገረናል። ሥልጠናውን አልቃወምም፤ ያለ ክፍያ መሰጠቱም ትልቅ ነገር ነው። ከሰርተፍኬት ተነሥቶ የዘርፍ ዕድገት ላይ መድረስ ግን አይቻልም።

ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት በኮርስ ይለመዳሉ። ደንበኛ ወዶ የሚከፍልበትን አንድ ምርት ዓመት ከዓመት ማሻሻል ግን በኮርስ አይገኝም። የራይድን ባለቤት ሃይብሪድ ዲዛይንስን እንይ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ይህ ድርጅት የታክሲ ጥሪን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጀመረ፤ ቆይቶ መተግበሪያ ሠራ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲያገኝም አደረገ። ይህ የአዲስ አበባን ተሳፋሪና ሹፌር በማወቅ የመጣ ነው። የቺካጎው 37ሲግናልስም ድረ ገጽ በትእዛዝ ሲሠራ ኖሮ፣ የራሱን ሥራ ለመምራት ያዘጋጀውን ቤዝካምፕን በ2004 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ አዋለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የድርጅቱን ስም ራሱ ቤዝካምፕ ብሎ ሌሎቹን ምርቶቹን ለመተው ወሰነ።

የእኛን ትንንሽ ድርጅቶች ከዚህ ያገዳቸው የኮደር እጥረት ነው? ብዙዎቹ የሚኖሩት በጨረታ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ሠርተው ያስረክባሉ፣ ክፍያ ይጠብቃሉ፣ ደመወዝ ለመክፈል ሌላ ጨረታ ይገባሉ። አዲስ የተቋቋመው ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃና የጨረታ ማስከበሪያ አምጣ ይባላል። የራሱን ምርት የሚያሳድግበት ጊዜ ከየት ያምጣ?

ወጪውም አለ። መርሐ ግብሩ ይፋ በሆነበት በዚያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። ሰርቨር በዶላር ተከራይቶ ከደንበኛው ብር የሚሰበስብ ድርጅት፣ አንድ ተጠቃሚ ሳይጨምር የኪራይ ወጪው እጥፍ ገደማ ሆነበት። የማሻሻያው አስፈላጊነት ሌላ ክርክር ነው። ሥራ ፈጣሪ ሁኑ የተባሉት ወጣቶች ግን የሚገቡት ወደዚህ ገበያ ነው፤ ሪፖርቱ ስለዚህ አንዳች አይልም።

እኔ እንዲቆጠር የምፈልገው ሌላ ነው። ከተቋቋሙ ሦስት ዓመት አልፏቸው፣ ከራሳቸው ምርት በሚያገኙት ገቢ ደመወዝ የሚከፍሉ ድርጅቶች ስንት ናቸው? መንግሥትስ የስንቶቹን ምርት ገዝቶ ይጠቀማል? ቁጥሩ ከሚሊዮን እጅግ የራቀ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ያን ትንሽ ቁጥር ይዞ ሪፖርት ለማቅረብ የሚደፍር ኃላፊ መገኘቱን ግን እጠራጠራለሁ።