ድንበር ላይ የቀረችው ጓደኛዬ

«ከጓደኛዬ ጋር ጎረቤት አገር ልናይ ነው፤ ምን እንያዝ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ከሻንጣ አይጀምርም። የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

በ2015 ዓ.ም. እኔና አብሮ አደጌ ከናይሮቢ ወደ ታንዛኒያ ከሚሄድ የካምፕ ጉዞ ጋር ተቀላቀልን። ከየአገሩ የመጣ ሰው በአንድ ትልቅ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። ማታ ለሁለት ለሁለት ድንኳን ይተከላል፣ በተራ ሰሃን ይታጠባል።

160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ናማንጋ ደረስን። የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር ነው። እኔ እዚህ መውጫ፣ እዚያ ማዶ መግቢያ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ የሁለቱም አገር ሰዎች አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚሠሩት። አንዱ መስኮት ያሰናብታል፣ ሌላው ይቀበላል።

የመጀመሪያው ጉድ በእኔ ደረሰ። ታንዛኒያ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እናቴ ደግሞ ቆሎዬን የቋጠረችው በፌስታል! ነጠላዬን ዘርግቼ ስገለብጥ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሁለተኛው ግን አላሳቀም። ከእኛ አገር የሄደ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያሳያል። ጓደኛዬ ቦርሳዋን ሦስቴ ገለባበጠች። የለም! ናይሮቢ ያደርንበት ክፍል ረስታዋለች። «እዚሁ ብትከተብስ?» አልኩ። ካርዱ የሚሠራው ለካ ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። አስጎብኚው ሰዓቱን አየና «መኪናው መቆም አይችልም። ዛሬም ነገም አሩሻ ነው የምናድረው፤ ካርዷን አምጥታ ትድረስብን» አለ።

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ።

ሄድኩ። ምን ልበላችሁ፣ የከፈልኩት ብር አሳዘነኝ። «ራሷ ናት ሂጂ ያለችኝ» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ማታ ድንኳኑን ብቻዬን ተከልኩ። የእሷ ቦታ ባዶውን አደረ፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ማታ በሚኒባስ መጣች። አቧራ ለብሳለች፣ አታናግረኝም። ቆሎ የቋጠርኩበትን ነጠላ ፈታሁላት። ብዙ ቆይታ ዘገነችና «ብትመለሺም አልፈቅድልሽም ነበር» አለችኝ። «ግን አንዴ እንኳ ‹አብሬሽ ልመለስ?› አላልሽኝም።»

ምን እመልሳለሁ?

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ቢጫ ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር እኪሳችሁ አድርጉት፤ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። አንዴ ከተከተባችሁ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ተመልሳችሁ የምትገቡበት አገር ካለ ቪዛችሁ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡ። ካደራችሁበት ክፍል ስትወጡ ትራሱን ሳታነሱ በሩን አትዝጉ።

ከሁሉ በላይ ግን ገና እዚሁ አዲስ አበባ ሳላችሁ ማኪያቷችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉና «አንዳችን ድንበር ላይ ብንቀር ሌላው ምን ያደርጋል?» ተባባሉ። «ይሄዳል» ብትሉም ነውር የለውም፤ ተነጋግራችሁበታላ። እኛ ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ፎቶውም፣ ስለ ጫማውም አውርተናል፤ ስለዚህ ብቻ አላወራንም።

ዛሬም ጓደኛዬ ናት። ግን «ሂጂ» ስትለኝ ያላየሁት ዓይኗ እስካሁን ይታየኛል። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።