ስኳር አለባችሁ የተባላችሁ ሁሉ፣ ለብቻችሁ አትያዙት!

በቅርቡ «ስኳር አለብዎት» ተብላችሁ ካርዱን ቦርሳ ውስጥ የደበቃችሁ፣ ለቤተሰብም «ትንሽ ድካም ነው» ብላችሁ ያለፋችሁ፣ ይህ ማንቂያ ለእናንተ ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ አንብቡት።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ብዙውን ጊዜ አያሳምምም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጥማቱና የሽንት ምልልሱ በኪኒኑ ጋብ ሲል ሰው «ተሻለኝ» ይልና ሜትፎርሚኑን ያቆማል፤ ቀጠሮውም ያልፋል። ደም ውስጥ የበዛው ስኳር ግን የዓይንን፣ የኩላሊትንና የእግርን ጥቃቅን የደም ሥሮችና ነርቮች ድምፅ ሳያሰማ ያበላሻል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረውና ውጤቱ በ1998 የወጣው ትልቅ ጥናት የተከታተለው ልክ እንደ እናንተ ገና የተነገራቸውን ሰዎች ነበር። ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው የያዙት ላይ የጥቃቅን ደም ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ ቀንሷል። ጥናቱ ካበቃ ከ10 ዓመት በኋላ ሲታዩ የሁሉም የስኳር መጠን ከተመሳሰለ ቆይቶ ነበር፤ ቀድመው የተጠነቀቁት ያገኙት ጥቅም ግን አልጠፋም። እነዚህን የመጀመሪያ ዓመታት በዝምታ አታባክኗቸው የምለው ለዚህ ነው።

እነዚህን ዓመታት ብቻውን የሚወጣቸው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ሐኪሙ ወረፋ ይዞ ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል በጥቂት ደቂቃ «ጣፋጭ ይተዉ፣ ይራመዱ» ይላችኋል፤ የቀረው ቀን የእናንተ ነው። ድግስ ላይ «በሞቴ» ሲባል ምን ይመለሳል? «የጤፍ እንጀራ አይጎዳም» ያሏችሁስ እውነት ነው? አይደለም፤ ጤፍም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል፣ መጠኑ ይወስናል። ማርም ያው ስኳር ነው። በሁዳዴ ወይም በረመዳን የሚጾም ሰው ግሊቤንክላማይድ ይውሰድ ወይስ ይተው? ይሄኛው ቀልድ የለውም። ያ ኪኒን በባዶ ሆድ ስኳርን ከ70 በታች አውርዶ ያንቀጠቅጣል፣ ላብ በላብ ያደርጋል፣ ራስ ያስታል። መልሱ የሐኪም ነው፤ ጾሙ ሳይገባ «ሄደህ ጠይቅ» ብሎ የሚቀሰቅሳችሁ ግን ያንኑ ኪኒን የሚውጥ ጎረቤት ነው።

እንግሊዞች ለአዲስ ታካሚዎች የ6 ሰዓት የቡድን ትምህርት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት የተማሩት በዓመቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ክብደት ቀንሰዋል፣ ሲጋራ የማያጨሱት በዝተዋል፣ ድብርታቸውም ቀሏል። እውነቱን ልናገር፤ በስኳሩ ቁጥር ግን ከሌሎቹ ብዙ አልተለዩም። በ3ኛው ዓመት ደግሞ የክብደቱም ብልጫ ጠፍቶ የተረፈው ስለ በሽታው ያላቸው ግንዛቤ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው መሰብሰብ ከንቱ መሆኑን አይደለም። አንዴ ተሰብስቦ መበተን አይበቃም። በየወሩ የሚገናኝ፣ ሰው ሲቀር «ምነው ቀረህ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ ስብስብ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ እኛ እንግዳ አይደለንም። ማኅበር በተራ የምንጠጣ፣ ዕድር የቀረውን የምንቀጣ ሰዎች ነን። ሰው ሲሞት የምንሰበሰበውን ያህል ዓይኑ ሳይጠፋ ለምን አንሰበሰብም?

በዚህ ሳምንት ክትትል የምታደርጉበትን ጤና ጣቢያ ነርስ «ፈቃደኛ የሆኑ አዲስ ታካሚዎችን አገናኙኝ» በሏት። አምስት ሰው ይበቃል። ቡናው ያለ ስኳር ይፈላ፤ እያንዳንዱ የወሩን ቁጥር በደብተር ይዞ ይምጣ፣ ከፍ ያለበትም አይወቀስ፤ የተወቀሰ ሰው በሚቀጥለው ወር አይመጣም። መለኪያ ማሽን መግዛት ለከበደው ዕቁብ ጣሉና በተራ ለየአንዳንዱ ይገዛ። የጣት መውጊያውን መርፌ ግን በፍጹም አትዋዋሱ፤ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም ይተላለፋሉ። ኪኒንም አትለዋወጡ፤ ለአንዱ የታዘዘው ለሌላው አደጋ ነው። «ይህን ቅጠል ጠጣና ኪኒኑን ተው» የሚል አባል ከመጣ አክብራችሁ አስቁሙት።

ካልሲም አውልቁ። ጎንበስ ብሎ የራሱን ውስጥ እግር ማየት የማይችል ብዙ ሰው አለና አንዳችሁ የሌላውን እዩ። ነርቩ የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ቁስል፣ እብጠት ወይም የጠቆረ ጣት ካያችሁ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቁ። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሳይደርስ ተነሱና ሰውየውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።