መርዶ ቢዘገይም አይደበቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ሰውነታችን ሲቆስል ደሙን አርግቶና ቅርፊት አልብሶ ራሱን እንደሚከላከል ሁሉ፥ አእምሮም የራሱ መከላከያ ያለው መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በዚህ ነገር ለወላጆችና ለመምህራን ይጠቅማል ያልሁትን አሳብ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለዚህ መከላከያ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። ዘርዝራ በመጽሐፍ ያወጣችው ግን በ1936 ዓ.ም. ልጁ አና ፍሮይድ ናት፤ እርስዋም አስቀድሞ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሊሸከመው የማይችለው ነገር ሲመጣበት አእምሮው አንዳንድ ጊዜ «አልሆነም» ብሎ ይክዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ያስረሳዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ቁጣውን ወደማይመለከተው ሰው ያዞርበታል። ይህን የመጨረሻውን አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ቀድሞ ያወቁት ነው። ይህ ሁሉ ማታለል ወይም የልብ ድካም አይደለም። ሸክሙ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅብን ከፈጣሪ የተሰጠን ፋታ ነው።

የመርዶ ሥርዓታችንም ይህንኑ ፋታ የሚያከብር ነው። ሟች በሩቅ አገር የሞተበት ሰው ወሬውን ብቻውን እንዳይሰማ ይጠበቃል፤ ሌሊቱን እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል። ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት በሩ ላይ ተሰብስቦ ይረዳዋል። ከዚያም ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሠልስቱ፥ አርባው፥ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ እየተከታተሉ ልቡ ክዶት የነበረውን እውነት ጥቂት በጥቂት እንዲቀበል ይረዱታል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ መልካም ልማድ በልጆቻችን ላይ ሲጣመም ማየቴ ነው። «ፈተና አለበት» እየተባለ የአባቱ ወይም የእናቱ ሞት ከተማሪ ይደበቃል፤ እኛም መምህራን እንድንደብቅ እንለመናለን። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፥ ተፈታኙ ከቤቱ ርቆ ስለሚሰነብት ድብቁ ይበልጥ ቀላል ሆነ። እኔ የማውቀው አንድ ተማሪ አባቱ ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ተረድቶ፥ ከለቅሶው በላይ ያቃጠለው «ሁላችሁም ታውቁ ነበር» የሚለው ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የእናቱን ጤንነት ሲነግሩት እንኳ አያምንም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የዳዊት ሕፃን በሞተ ጊዜ አገልጋዮቹ ሊነግሩት ፈሩ፤ እርሱ ግን ሲንሾካሾኩ አይቶ ዐወቀ። የዛሬውም ልጅ እንደዚሁ ነው። ስልኩ ሲዘጋበት፥ አክስቱ ዓይኑን ሸሽታ ስታናግረው ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውን ግን የሚካፈለው ሰው የለውም። አእምሮው ራሱ የሠራው መጋረጃ ልጁ ሲበረታ ራሱ ይገለጣል። እኛ የሰቀልንበት ግን እኛ ካላወረድነው አይወርድም።

ሰው ለማመን ምልክት የሚሻ ፍጡር መሆኑን ባለፉት ዓመታት አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ፤ ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባዶ ሣጥን ተቀበረ። ባዶ ሣጥን ለምን ይለቀስበታል የሚል ቢኖር፥ ልብ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ዘመኑን ሁሉ በር በር ሲያይ ይኖራልና ነው። ልጅን ከአባቱ ቀብር የምናስቀር ሰዎች ግን ሣጥኑን እንኳ ነፈግነው።

«ፈተናውን ቢወድቅ የዓመት ልፋቱ ከንቱ ይቀራል» የሚሉኝ ወላጆች እውነት አላቸው። ስለዚህ ፈተናው ተጀምሮ ሳለ የደረሰ ኀዘን እስከ መጨረሻው ወረቀት ቢቆይ አልቃወምም፤ ይህ መርዶን እስከ ንጋት እንደ ማቆየት ነው። ሳምንታትና ወራት ማቆየት ግን፥ ሕፃናትንም «ውጭ አገር ሄዷል» እያሉ ማሳደግ መከላከል ሳይሆን ማታለል ነው። ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

መርዶውን ልጁ እጅግ የሚወደው ሰው፥ «ሞቷል» በሚል ግልጽ ቃል ይንገረው። ቀብር ልሂድ ካለ አይከልከል። ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ያስታውቁ። እኛ መምህራንም ከለቅሶ ቤት በተመለሰ ማግስት ኳስ የሚጫወተውን ልጅ «ጨካኝ» አንበለው፤ ያለ ምክንያት ከባልንጀራው የሚጣላውንም ለመቅጣት አንቸኩል። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ ሸክማቸውን እየተሸከሙ ነው። እየዋለ እያደረ ግን እህል እንቢ ያለውን፥ እንቅልፍ ያጣውንና ከሰው የራቀውን ወደ ሐኪም እንምራው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ኀዘንን የደበቀም አጽናኝ አይገኝለትም፤ የሰው ኀዘን ስንደብቅ ደግሞ አጽናኝ የምናሳጣው ሌላውን ነው።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሳሪስ አቦ