የዱር እንስሳትን በግል መያዝ ይከልከልን?

በአሜሪካ አገር ከከብት፣ ከውሻና ከድመት ሌላ እንግዳ እንስሳ በቤቱ ወይም በእርሻው የሚያኖር ሰው ብዙ ነው። ዘንዶ፣ በቀቀን፣ የየብስ ኤሊ፣ ጦጣ፣ ከአፍሪካ የሄደ ሳላ ሳይቀር በግል ይዞታ ይገኛል። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ «ከእንግዲህ ማንም ግለሰብ እነዚህን እንስሳት አይያዝ» የሚል ረቂቅ በየግዛቱ ምክር ቤት በየጊዜው ይቀርባል። እኔ በበኩሌ እንደነዚህ ያሉትን ረቂቆች እቃወማለሁ።

ምክንያቴን ከመዘርዘሬ በፊት አውሬ ይዞ መቀለብ ለእኛም እንግዳ ነገር አለመሆኑን አስታውሱ። በጅማና በኢሉባቦር ገበሬዎች ጥርኝን ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ አኑረው፣ ዝባዱን እየጠረጉ ለሽቶ ንግድ ሲያቀርቡ ብዙ ትውልድ አልፏል። የጥርኙ ማጎሪያ ይስፋ፣ አያያዙም ይሻሻል ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን «ይሻሻል» ማለትና «ይከልከል» ማለት የተለያዩ ናቸው፤ ክርክሬም በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የክልከላው ደጋፊዎች ዘወትር የሚጠቅሱት በኦሃዮ ግዛት፣ ዜንስቪል በምትባል ከተማ አጠገብ የደረሰውን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ባለእርሻ የአራዊቱን በረት ከፋፍቶ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ሊመሽ ተቃርቦ ነበርና ፖሊሶች የተለቀቁትን አብዛኞቹን ተኩሰው ለመግደል ተገደዱ። ከሞቱት መካከል ታይገር የተባሉት የእስያ ነብሮች 18፣ አንበሶች ደግሞ 17 ነበሩ። ነገሩ የሚያሳዝን መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ያ ሰው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 በእንስሳት ላይ ጭካኔ በመፈጸም ተፈርዶበት የነበረ፣ በጦር መሣሪያ ወንጀል ታስሮም ከተፈታ ገና ሳምንታት ያለፉት ሰው ነበር። በጭካኔ የተፈረደበት ሰው አራዊት እንዳይዝ የሚያግድ ትእዛዝ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በግዛቱ ወጥቶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን በኤፕሪል ወር ሳይታደስ ቀረ። እንግዲህ የጎደለው በአንድ ጥፋተኛ ላይ የሚጸና ቁጥጥር ነበር። በ2012 የወጣው ሕግ ግን አጥፊውንም ጠንቃቃውንም አንድ ላይ ያዘ፤ አዲስ ባለቤትነትን ከለከለ፣ በነባሮቹም ላይ እንደ እንስሳቱ ብዛት እስከ 1,000,000 ዶላር የሚደርስ የመድን ግዴታ ጣለ። አስተማሪ በነበርሁበት ጊዜ አንድ ልጅ ባጠፋ ክፍሉን በሙሉ ከሚያንበረክክ ባልደረባ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ ያ ክርክር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

ስለ አንበሳና ስለ ታይገር ከእንግዲህ የምንከራከርበት ነገር የለም። በዲሴምበር 2022 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ እነርሱን በግል መያዝን በመላ አገሪቱ ከልክሏል፤ እኔም በጓሮ የታሰረ ታይገር እንዲኖር አልሟገትም። የግዛቶቹ ረቂቆች ግን ከዚህ አልፈው በስም ዝርዝር ይሄዳሉ። ካሊፎርኒያ ፌሬት የተባለችውን ትንሽ ለማዳ እንስሳ ትከለክላለች፤ ጎረቤቷ ኔቫዳ ግን ትፈቅዳለች። ድንበሩን ስትሻገር አደገኛ ትሆናለችን?

ከሁሉ ይልቅ እንድታስተውሉት የምፈልገው የሳላን ነገር ነው። በአዋሽ ፓርክ የምናውቀው ሳላ ቀንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በሰሐራ ዳርቻ የሚኖረው ዘመዱ ግን ቀንዱ እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። ይህን እንስሳ ጠመንጃ፣ ድርቅና የቻድ ጦርነት ፈጁት፤ በ2000 ከዱር ፈጽሞ የጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያው ዘመን ግን በቴክሳስ ግዛት፣ በግለሰቦች ሰፋፊ የግጦሽ መሬት ላይ እየተራባ ነበር፤ በ2010 ገደማ ቁጥሩ ከ10,000 በላይ ደርሶ ነበር። የቴክሳስ ባለርስት ሳላውን የሚያረባው ለጽድቅ ብሎ አይደለም፤ አንዳንዱን ለአዳኝ በገንዘብ ይሸጣል። ይህ የሚያስከፋችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ እኔንም ደስ አያሰኘኝም። ሆኖም ገንዘብ የሚያስገኘው መንጋ ሣርና ውኃ፣ አጥርና ሐኪም አገኘ። በአገሩ ሲያልቅ በሰው እጅ በዛ።

በኤፕሪል 2012 የፌዴራሉ መንግሥት ባለመንጋዎቹ በልዩ ፈቃድ እንጂ ሳላውን እንዳይሸጡና እንዳያሳድኑ የሚያደርግ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ ለእንስሳው በመቆርቆር የቀረበ ክስ ውጤት ነበር። ምን ሆነ? ብዙዎቹ ደንቡ ከመጽናቱ በፊት መንጋቸውን ለመሸጥ ተሽቀዳደሙ፤ ዋጋውም ወደቀ። በ2014 የአገሪቱ ምክር ቤት ደንቡን ሻረው። ይህ የፌዴራል እንጂ የግዛት ጉዳይ አልነበረም፤ ነገር ግን ባለቤትነት ሸክም ብቻ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀንሰው እንስሳው እንደ ሆነ ያሳያል። ከ2016 ጀምሮ ይኸው ሳላ ወደ ቻድ ተመልሶ በዱር ተለቋል፤ የተለቀቁትም በሰው እጅ ከኖሩ መንጋዎች የተወለዱ ናቸው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከእኛው ምድር ይነሣል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከሶማሊያ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች እየተሰረቁ በባሕር ወደ ዐረብ አገሮች ይጋዛሉ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ይሞታሉ። «ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርም» የሚል ሰው የሚናቅ ነገር አልተናገረም። ሆኖም የተባበሩት የዐረብ ኤምሬትስ በ2016 በወጣ ሕግ አደገኛ አራዊትን በቤት ማኖርን ከልክላለች፤ ከዚያም በኋላ በሶማሌላንድ ብዙ ግልገሎች ከነጋዴዎች እጅ ተይዘዋል። ስርቆቱን የሚገታው በወደቡና በድንበሩ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ነው። ከዱር የተሰረቀ ግልገልና በቴክሳስ በሕጋዊ መንጋ የተወለደ ሳላም በአንድ አንቀጽ ሊዳኙ አይገባም።

ታዲያ ረቂቁ ምን ቢል ይሻላል? ፍሎሪዳ በአደጋ ሁለተኛ መደብ የተመደቡትን እንስሳት ለመያዝ ከሚያመለክት ሰው ቢያንስ የ1,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ትጠይቃለች። ሰውየውን መዝኖ መፍቀድ ማለት ይህ ነው። የበርማ ዘንዶ በኤቨርግሌድስ ረግረግ ስለ ተራባባት፣ እርሱንና መሰሎቹን ከልክላለች፤ ምክንያቱ ከአገሩ አየር የመነጨ ነውና ይህን አልቃወምም። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ እንስሳውን መያዝ ያቃተው ባለቤት፣ ፈቃድ ባይኖረውም እንኳ፣ ሳይቀጣ የሚያስረክብበት ሥርዓት አላት። ቅጣት ብቻ የሚጠብቀው ሰው ዘንዶውን በጆንያ አድርጎ በሌሊት ወደ ረግረጉ ይወስደው ነበር።