«አያመውም» ማለት መልስ አይደለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የእንስሳን የራስ ቅል በስቶ፣ አንጎሉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ በሽቦው ኤሌክትሪክ የሚልክ ጥናት በዓለም ብዙ ላብራቶሪዎች ውስጥ ይሠራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪው ፕሮፖዛል ይጽፋል። ገምጋሚ ኮሚቴም አንብቦ ወይ ይፈርማል፣ ወይ ይመልሳል። ከእናንተ መካከል ሕክምና፣ የእንስሳት ሕክምና፣ ባዮሎጂ ወይም ኢንጂነሪንግ የምትማሩ አላችሁ። ነገ ያንን ወረቀት የምትጽፉት ወይም የምትፈርሙበት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ይህ ነገር ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰው እንሰማለን። አንዱ «ሁሉም የሸይጧን ሥራ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ሳይንስ ነው፤ እንስሳው አያመውም፤ ለሰው ይጠቅማል፤ ኮሚቴ ፈቅዷል፤ ደግሞስ እንስሳ አይደል?» ይላል። የመጀመሪያው ሳያውቅ ነው የሚናገረው፤ መልሱን መንገዳችን ላይ ያገኘዋል። ዛሬ በዋናነት የምንሞግተው ሁለተኛውን ነው። የተማረ ሰው ቋንቋ ስለሚናገር ብዙ ወጣት ይከተለዋልና። አራቱንም ቃሉን አንድ በአንድ እንያቸው።

1. «አያመውም»

አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ እንደሌለው እውነት ነው። ቆዳውና የአጥንቱ ሽፋን ከደነዘዘ ሰው ነቅቶ እያወራ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይችላል። ፕሮፖዛሉም ይህንኑ ይጽፋል፦ ማደንዘዣ ይሰጣል፣ ከቀዶው በኋላ ማስታገሻ ይሰጣል፣ የሚላከው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፣ አያምም። ገምጋሚው ያነብና ልቡ ያርፋል።

ግን ኤሌክትሪኩ የሚገባው የት ነው? ፍርሃት፣ ቁጣና ፍላጎት ከሚነሡበት ቦታ ነው። የዙሪኩ ሳይንቲስት ዋልተር ሄስ የድመትን አንጎል ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍሉ ላይ በኤሌክትሪክ ሲነካ፣ ድመቷ አጠገቧ ጠላት ሳይኖር ፀጉሯን አቁማ፣ ጥፍሯን አውጥታ ለጥል ትነሣ ነበር። ሄስ በዚህ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር፣ አይጥ ፔዳል በተጫነች ቁጥር አንጎሏ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ አደረጉ። አይጧ እየደጋገመች መጫን ያዘች። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ተመሳሳይ ሙከራዎች ምግቡ እፊታቸው እያለ ኤሌክትሪኩን መርጠው ራሳቸውን ለረሃብ የሰጡ አይጦች ታዩ።

እስቲ አሁን ፎርሙን እንሙላ። ይህች አይጥ አመማት? አላመማትም። ደም ፈሰሳት? አልፈሰሳትም። በፎርሙ መሠረት ምንም አልሆነችም። ነገር ግን አላህ ነፍሷን እንድታቆይበት የሰጣት የምግብ ፍላጎት ተነጥቋል። ሕመምን ብቻ የሚለካ ሚዛን ይህን አይመዝንም፤ የተሠራው ለሌላ ነገር ነውና። ድመቷም ቢሆን ማንም አልመታትም። ዱላው ሳይኖር ድንጋጤውና ቁጣው በቀጥታ ተሰጣት እንጂ። ስለዚህ የአንጎል ኤሌክትሪክ ፕሮፖዛል ላይ «አያመውም» ብሎ የሚፈርም ሰው የተጠየቀውን ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰው።

2. «ለሰው ይጠቅማል»

አዎ፣ የጠቀመ አለ። መካድ ሐራም ነው፤ ውሸት ነውና። ፓርኪንሰን እጁን አንቀጥቅጦ ማንኪያ መያዝ የከለከለውን ሰው አይታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድ፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ባለ ታማሚ አንጎል ውስጥ ፈጣን ኤሌክትሪክ ሲላክ መንቀጥቀጡ እንደሚቆም አየ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ፣ በኬሚካል እንደ ፓርኪንሰን እንዲታመሙ በተደረጉ ጦጣዎች ላይ አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራዋን ስታቆም ምልክቱ እንደሚቀልላቸው አሳዩ። የሁለቱ ዕውቀት ተገናኝቶ ዛሬ በዓለም ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎች አንጎላቸው ውስጥ የሚረዳቸውን ሽቦ ይዘው ይኖራሉ። «ሁሉም የሸይጧን ሥራ ነው» የሚለው ወንድማችን ከነዚህ በአንዱ ቤት ገብቶ ይህን ይናገር እንደሆነ እናያለን።

ግን ከዚህ አጠገብ ሌላ ሥራ እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1963 በስፔን ኮርዶባ ሆሴ ዴልጋዶ የሚባል ሳይንቲስት፣ አንጎሉ ውስጥ ሽቦ የተተከለበት ኮርማ ፊት ቆመ። ኮርማው እየሮጠ ሲመጣበት ቁልፍ ተጫነ፤ ኮርማው ቆመ። ፎቶው ዓለምን ዞረ፤ ቁጣ በሬዲዮ ተገራ ተባለ። በኋላ ግን ኤሊየት ቫለንስታይን የተባለ የዘርፉ ሰው፣ ኤሌክትሪኩ ኮርማውን አስገድዶ አዞረው እንጂ ቁጣውን ስለማጥፋቱ ማስረጃ የለም ብሎ ሞገተ። ያ ትርኢት የማንን በሽታ ለማዳን ነበር?

በሁለቱም ፕሮፖዛሎች ላይ «ለሰው ይጠቅማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል። በአንደኛው ግን የታወቀ በሽታ፣ ግልጽ ጥያቄና የሚጠበቅ መልስ አለ። በሌላኛው ያለው ካሜራና ጭብጨባ ነው። ገምጋሚ የተቀመጠው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው። ካልለየ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መምታት ዘበኛም ይችላል።

3. «ኮሚቴ ፈቅዷል»

ይህ ብዙዎችን አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው። እስቲ ኮሚቴውን እንየው። በአሜሪካ ሕግ ኮሚቴውን የሚሰይመው ጥናቱን የሚሠራው ተቋም ራሱ ነው። የእንስሳት ደህንነት ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 3 አባላት ነው፤ አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ አንዱ ከተቋሙ ውጭ የሆነ ሰው። ደግሞም ይኸው ሕግ ለምርምር የተራቡ አይጦችንና ወፎችን «እንስሳ» ከሚለው ትርጉም አውጥቷቸዋል። ሱብሐነላህ! በላብራቶሪ ከሁሉ በላይ የሚሞተው ፍጡር በሕጉ እንስሳ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2001 ስኮት ፕላውስና ሃሮልድ ሄርዞግ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በ50 የአሜሪካ ኮሚቴዎች የታዩ ፕሮፖዛሎችን ወስደው ሌሎች ኮሚቴዎች እንደገና እንዲገመግሟቸው አደረጉ። ሁለቱ ኮሚቴዎች የተስማሙበት መጠን በዕጣ ከሚገኘው አልበለጠም። አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ይጥላል። ታዲያ «ኮሚቴ ፈቅዷል» ማለት ምን ማለት ነው? የትኛው ኮሚቴ?

ብዙዎቻችሁ ጦጣ በአንጎሏ ጌም ስትጫወት የሚያሳየውን የኒውራሊንክ ቪዲዮ ሼር አድርጋችኋል። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ እንደዘገበው፣ ኩባንያው ከ2018 ጀምሮ በሙከራዎቹ ወደ 1,500 የሚጠጉ እንስሳትን ገድሏል። ከነዚህ ውስጥ ከ280 በላይ የሚሆኑት በጎች፣ አሳማዎችና ጦጣዎች ናቸው። በአንድ ጥናት ከ60 አሳማዎች በ25ቱ ላይ መጠኑ የተሳሳተ መሣሪያ ተተክሏል። የራሱ ሠራተኞች ችኮላው አላስፈላጊ ሞት አመጣ ብለው አማረዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኩባንያው ራሱ ካሳወቀው አንድ የ2019 ክስተት በቀር የሕግ ጥሰት እንዳላገኘ ገለጸ። እኛም አንከሰውም። የምንለው ይህ ነው፦ 25 አሳማዎች ላይ መጠኑ የተሳሳተ መሣሪያ ተተክሎ ሕጉ ጥፋት ካላየ፣ ችግሩ ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው።

የተሻለ መጠየቅም ይቻላል። የብሪታንያ የ1986 ሕግና የአውሮፓ ኅብረት የ2010 መመሪያ በእንስሳው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር እንዲመዘን ያስገድዳሉ። ስለዚህ የማይሆን ነገር አልጠየቅንም።

4. «እንስሳ አይደል?»

እንስሳ ለሰው ተገርቷል፤ ይህን እናምናለን። ግን መገራት ማለት ባለቤትነት ያለ ተጠያቂነት ማለት አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ያለውን ነገር የቀስት ዒላማ ማድረግን ከልክለዋል። ፊቱ ላይ በእሳት የተተኮሰ አህያ ባዩ ጊዜ ያንን ያደረገውን ረግመዋል። ለእርድ እንኳን፣ ማለትም ለሐላሉ ሞት፣ ቢላዋው እንዲሳል፣ እንስሳውም እንዲያርፍ አዘዋል። ልብ በሉ! መግደል በተፈቀደበት ቦታ እንኳ «እንዴት?» ተጠየቀ፤ ዒላማ ማድረግ ሲከለከል ደግሞ «ለምን?» ተጠየቀ። በሂጅራ 660 የሞቱት ታላቁ ዓሊም ዒዙዲን ኢብን ዐብዲሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን መብት ቆጥረው ጽፈዋል፤ አርጅቶ ወይም ታሞ ባይጠቅም እንኳ መቀለብ፣ ከአቅሙ በላይ አለመጫን፣ ልጁን ፊቱ አለማረድ። ይህ ሁሉ የተጻፈው አውሮፓ ስለ ላብራቶሪ ከማሰቧ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

ለዲን ደንታ የሌለው ሰው ደግሞ ታሪክን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1870 በበርሊን ፍሪትሽና ሂትሲግ የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ ነክተው እግሩ ሲንቀሳቀስ አዩ። ገና አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1874 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ሐኪሙ ሮበርትስ ባርቶሎ የራስ ቅሏ በቁስል በተበላ አንዲት የቤት ሠራተኛ አንጎል ውስጥ መርፌ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ላከ። ኃይሉን ጨመረ፤ ሴቲቱ ተንፈራገጠች፤ ከቀናት በኋላም ሞተች። ከውሻ ወደ ማን እንደተሻገረ አያችሁ? ወደ ባለሥልጣን ልጅ አልሄደም። ደካማ ወደሆነችው፣ ጠያቂ ወደሌላት ሄደ። «ለምን?» አለመባልን በእንስሳ ላይ የለመደ እጅ ሰው ጋር ሲደርስ በራሱ አይቆምም።

ታዲያ ምን ትጠይቁ?

ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ነው። እኛ የምንላችሁ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ እነዚህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ ነው፦

— የሚፈለገው መልስ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ይመለስ።
— መልሱ ቀደም ብሎ ተገኝቷል? በኮምፒውተር ወይም ፈቅዶ በገባ ታማሚ ላይ ሊገኝ ይችላል?
— ለምን 60? ለምን 20 አይሆንም? ቁጥሩ በሒሳብ ይረጋገጥ።
— ኤሌክትሪኩ የሚነካው ፍርሃትን ወይም ፍላጎትን ከሆነ፣ እንስሳው ለስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን በዚያ ሁኔታ ይቆያል? ማን፣ በምን ምልክት ያስቆመዋል?
— እንስሳው እንዲታዘዝ ውኃ ይከለከላል? ስንት?
— የተሳሳተ መሣሪያ ቢተከል ጥናቱን የሚያስቆም ሰው አለ? ወይስ ሁሉም ደመወዙን ከአንድ ኪስ ነው የሚቀበለው?

መተካት፣ መቀነስ፣ ማሻሻል የሚለውን ሐሳብ ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ከ1959 ጀምሮ አስተምረዋል። ስለዚህ «ጥያቄያችሁ ሳይንስን ያደናቅፋል» የሚላችሁ ካለ የራሱን ዘርፍ መጽሐፍ አላነበበም በሉት።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ስለ ካሊፎርኒያ ጦጣ የሚጮህ ምላስ፣ ከመስጂድ በር ላይ ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ሲገረፍ ዝም ካለ ማንም አይሰማውም። ጠያቂነት ከሰፈር ይጀምራል።

እንስሳው ፕሮፖዛሉን አያነብም፤ አይፈርምም፤ አቤት አይልም። በእሱ ቦታ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ያ ፊርማ አማና ነው፤ ነገ በቂያማ ቀን የሚጠየቁበት።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ እጃችንን ከበደል የራቀ ያድርግልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።