ሳንባው ተነፍቷል፤ ደረቱ ለምን ያመዋል?

አየር ከሳንባ አፈትልኮ በሳንባውና በደረት ግድግዳ መካከል ሲጠራቀም ሳንባው ይሟሽሻል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ረጃጅምና ቀጫጭን ወጣቶችን፣ በተለይም አጫሾችን ያጠቃል፤ ይመላለሳልም። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሲጄ ማኮለም በ2021 እ.ኤ.አ. የቀኝ ሳንባው ሟሸሸ፤ በ2023 ያው ሳንባ ደገመው። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ይህን ድግግሞሽ ለመግታት ነው።

ሐኪሙ በጎድን አጥንቶች መካከል ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ አየር የሚያፈሰውን ክፍል ይቆርጣል፤ ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅም ብዙ ጊዜ ሽፋኑን ሆን ብሎ ይፍቀዋል። መቼም የተፋቀ ገላ ዝም አይልም! በጎድን ሥር የሚያልፈው ነርቭም ሊነካ ስለሚችል ከጡት በታች መደንዘዝ፣ መቆጥቆጥ፣ ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ማቃጠል ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ታካሚ በእያንዳንዱ ውጋት “ተመልሶ መጣ” ብሎ ይሸበራል። ወይም ሕመሙን ፈርቶ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውን ስሎ አያወጣም፤ ይህ ደግሞ ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል። የታዘዘ ማስታገሻን በሰዓቱ መዋጥ እንደ ድክመት መቆጠሩም ይብቃ።

ስለዚህ ሆስፒታሎች ከቀጠሮ ካርዱ ጋር ግማሽ ገጽ ማብራሪያ በአማርኛ ቢሰጡ ምን ይጎዳቸዋል? ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሕመም የሚጠበቅ ነው፤ ድንገተኛ ውጋት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግል ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ያስኬዳል።